ሦስት ሆቴሎች፦ ርስት፣ አጥር፣ ውል

በ1968 የአይሁድ ፋሲካ ሲገባ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ኬብሮን ከተማ በሚገኘው ፓርክ ሆቴል ጥቂት አይሁዳውያን ቤተሰቦች ክፍል ተከራዩ። መሪያቸው ራቢ ሞሼ ሌቪንገር ነበሩ፤ የሆቴሉ ባለቤቶች ፍልስጤማውያን። እንግዶቹ መጣን ያሉት አብርሃምና ሣራ፣ ይስሐቅና ርብቃ በተቀበሩባት ከተማ በዓሉን ለማክበር ነው። በዓሉ አለፈ፤ እንግዶቹ ግን አልወጡም። ጦሩ ከሆቴሉ አንስቶ ወደ ወታደራዊ አስተዳደሩ ግቢ ወሰዳቸው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም መንግሥት ከከተማዋ ጥግ ቂርያት አርባ የምትባል ሰፈራ ቆረቆረላቸው። ያን ጊዜ አገሪቱን ይመራ የነበረው ቀኝ ክንፉ ሳይሆን የሠራተኛው ወገን ነው።

34 ዓመት አለፈ። ማርች 27 ቀን 2002 ምሽት፣ አሁንም የአይሁድ ፋሲካ፣ አሁንም ፓርክ ሆቴል፤ ከተማዋ ግን በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያለችው ናታንያ ናት። ወደ 250 የሚጠጉ እንግዶች ለበዓሉ ማዕድ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ከናዚ እልቂት የተረፉም ነበሩባቸው። ሴት መስሎ የለበሰ የሐማስ አጥፍቶ ጠፊ ገባና ራሱን አፈነዳ። 30 ሰዎች ሞቱ። ገዳዩ የመጣው ከቱልካርም ነው። ከናታንያ እስከ ቱልካርም ያለው ርቀት 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፒያሳ ተነስቶ ቃሊቲ እንደመድረስ ያህል።

በማግሥቱ ቤይሩት ላይ የተሰበሰበው የዐረብ ሊግ አንድ ሐሳብ አጸደቀ። እስራኤል በ1967 ከያዘቻቸው ግዛቶች ከወጣች፣ ለስደተኞቹ ጥያቄ ፍትሐዊ መፍትሔ ከተገኘና የፍልስጤም መንግሥት ከቆመ፣ የዐረብ አገሮች በሙሉ ከእስራኤል ጋር ሰላም ይፈጥራሉ የሚል ነው። ነገር ግን ናታንያ ሬሳዋን እየቀበረች ነበር። በሁለተኛው ቀን የእስራኤል ታንኮች ወደ ዌስት ባንክ ከተሞች ገቡ፤ የቤይሩቱም ወረቀት ሰሚ አጣ።

እስራኤላውያን ስለ መሬት፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ዐረቦች የሚሟገቱት ሙግት በእነዚህ ሁለት ሆቴሎች መካከል ይመላለሳል። የኬብሮኑ ሆቴል ርስት ይላል፤ የናታንያው አጥር ይላል። ውል የሚል ሦስተኛ ሆቴልም አለ፤ እሱጋ ኋላ እንደርሳለን። እኛ ከሩቅ ሆነን ስናይ ርስት ባዩንና አጥር ባዩን አንድ አድርገን፣ ደጋፊ ከሆንን እንባርካቸዋለን፣ ተቃዋሚ ከሆንን እንረግማቸዋለን። ሁለቱ ግን የተለያዩ ሙግቶች ናቸው። በአንድ ጋሪ ቢጓዙም መድረሻቸው ለየቅል ነው። እኔ ይህን ታሪክ ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር የምደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው፦ እስራኤልን ከሁሉ በላይ የጠበቃት ከጎረቤቷ ጋር ተስማምታ ድንበር የተከለችበት መሬት ነው።

በይደር የተያዘ ጉዳይ

በጁን 1967 የስድስት ቀን ጦርነት እስራኤል ከግብጽ ሲናንና ጋዛን፣ ከዮርዳኖስ ዌስት ባንክንና ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን፣ ከሶርያ የጎላንን ከፍታ ወሰደች። በእጇ ያለው መሬት በሳምንት ጊዜ ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ጁን 19 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር ሌዊ ኤሽኮል ካቢኔ ከግብጽና ከሶርያ ጋር ሰላም ከወረደ ሲናንና ጎላንን መመለስ እንደሚቻል ወሰነ። ዌስት ባንክ ላይ ሲደርስ ግን ሚኒስትሮቹ መስማማት አቃታቸው። አንዱ ለዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን እንመልሰው አለ፤ ሌላው ለፍልስጤማውያን ራስ ገዝ እንስጥ አለ፤ ሌላው ደግሞ የእጃችንን አንለቅም አለ። ስለዚህ ጉዳዩ በይደር ተያዘ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ደግሞ ካርቱም የተሰበሰቡት የዐረብ መሪዎች ከእስራኤል ጋር ሰላም የለም፣ ለእስራኤል ዕውቅና የለም፣ ድርድርም የለም ብለው በሩን ከወዲያ ዘጉት።

በዚያው ወር የእስራኤል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ የነበሩት ቴዎዶር ሜሮን፣ በጦርነት በተያዘ መሬት ላይ ሲቪሎችን ማስፈር አራተኛውን የጄኔቫ ስምምነት እንደሚጥስ በምሥጢር ማስታወሻ አሳወቁ። ማስታወሻው መሳቢያ ውስጥ ገባ። ወሩ ሳያልቅም በዌስት ባንክ የመጀመሪያዋ ሰፈራ ክፋር ዔጽዮን ተተከለች።

ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው በይደር የተያዘ መዝገብ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ቀጠሮው በረዘመ ቁጥር ንብረቱን በእጁ የያዘው እየተደላደለ ይሄዳል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ኢየሩሳሌም ያለው የራሳችን ገዳም ዴር ሱልጣን አለ። በ1970 የትንሣኤ ሌሊት፣ ግብጻውያን መነኮሳት ለጸሎት ወደ ጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት፣ በእስራኤል ፖሊስ ጥበቃ የቅዱስ ሚካኤልና የአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤቶች በሮች ቁልፍ ተቀየረ፤ ገዳሙም በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ለእኛ ይህ የአባቶቻችን ይዞታ መመለስ ነው። ግብጾቹ ከሰሱ። የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1971 ቁልፉ ይመለስላቸው ቢልም የባለቤትነቱን ነገር መንግሥት እንዲወስን ተወለት። መንግሥትም የሚኒስትሮች ኮሚቴ አቋቋመ። ከ50 ዓመት በላይ ሆነው፤ ውሳኔ የለም። የእኛ መነኮሳት ጣሪያው ላይ ባሉት ጎጆዎች ይኖራሉ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ በወጉ አይጠገንም፣ ግብጽም ጥያቄዋን አልተወችም። እስራኤል አንዱን ላለማስቀየም ሌላውን ላለማጣት በይደር የምታቆየው ነገር ምን እንደሚመስል ዴር ሱልጣን በትንሹ ያሳያል። ዌስት ባንክ ያው ነገር ሦስት ሚሊዮን ሰው ተጨምሮበት ነው።

ርስት

በርስትና በሚስት ቀልድ የለም ብሎ ላደገ ሰው የመጀመሪያውን ሙግት ማስረዳት ብዙ አያደክምም። ርስት የሚገኘው በግዢ ሳይሆን በውርስ ነው፤ ዋጋውም በፍሬው አይሰላም። ሃይማኖተኛው የእስራኤል ቀኝ ክንፍ ዌስት ባንክን በዚህ ስም አይጠራውም፤ ይሁዳና ሰማርያ ነው የሚለው። ኬብሮን አብርሃም የከፈለባት መቃብር ናት፤ ሴኬም ያዕቆብ የሰፈረባት፤ ሴሎ ታቦቱ ያረፈባት። በራቢ ዝቪ ይሁዳ ኩክ እግር ሥር የተማሩ ወጣቶች የ1967ን ድል የመዳን ዘመን መባቻ አድርገው አዩት። በ1974 የተቋቋመው ጉሽ ኢሙኒም የተባለው ንቅናቄ ይህን እምነት ወደ ድንኳን፣ ወደ ተጎታች ቤት፣ ከዚያም ወደ ከተማ ለወጠው። በ1977 ወደ ሥልጣን የመጣው የሜናኸም ቤጊን ሊኩድ ፓርቲ ደግሞ ከባሕሩ እስከ ዮርዳኖስ ወንዝ የእስራኤል ሉዓላዊነት ብቻ ይኖራል የሚለውን አቋም በምርጫ ፕሮግራሙ አስፍሮ ነበር።

ርስትና ደኅንነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው አደባባይ የወጣው በ1979 በአንድ ችሎት ነው። ናብሉስ አጠገብ ያለችው ሩጀይብ መንደር ገበሬዎች፣ መሬታችን ለወታደራዊ አስፈላጊነት በሚል ተወስዶ ኤሎን ሞሬህ የተባለ ሰፈራ ተተከለበት ብለው ለእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ራፋኤል ኤይታን ሰፈራው ለአገር መከላከያ ያስፈልጋል ብለው መሰከሩ። የቀድሞው ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ኻይም ባርሌቭ ግን ለገበሬዎቹ ቃል ሰጡ፦ ጦርነት ቢነሳ እንዲህ ያለው ሰፈራ ጦሩን አይረዳም፤ እንዲያውም ወታደር የሰፋሪ ዘበኛ ሆኖ ይቀራል አሉ። ነገሩን የቆረጡት ግን ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። እኛ እዚህ የተገኘነው ለጸጥታ ብለን ሳይሆን እግዚአብሔር ለአባቶቻችን በሰጠው ቃል ነው ብለው በመሐላ አስረዱ። አምስቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ ለገበሬዎቹ ፈረዱ።

ያ ፍርድ ለሩጀይብ ገበሬዎች መሬታቸውን መለሰ። ሰፈራው ግን ወደ ሌላ ኮረብታ ተዛወረ እንጂ አልፈረሰም፤ መንግሥትም ከዚያ ወዲህ የደኅንነትን ክርክር ትቶ መሬቱን የመንግሥት ይዞታ እያለ ማወጅ ጀመረ። ቤጊን ሥልጣን ሲይዙ በዌስት ባንክ የነበሩት ሰፋሪዎች ጥቂት ሺሕ ነበሩ። በ1993 የኦስሎ ስምምነት ሲፈረም ከ100 ሺሕ አለፉ። ዛሬ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳይጨምር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሆነዋል። በሰፈራዎቹ ውስጥ ሁሉም ርስት ባይ አይደለም፤ ብዙው የሄደው ቤት ስለረከሰለት ነው። ሆኖም የቤት ኪራይ የመረረው ሰውና ትንቢት የሚጠብቀው ሰው ተጎራብተው አንድ ካርታ ይሠራሉ።

የርስት ሙግት ዋጋው በግልጽ የሚታየው እዚያው ኬብሮን ነው። በከተማዋ ሁለቱም ወገን የሚቆጥረው ሬሳ አለው። በ1929 ዐረቦች 67 አይሁዳውያንን ገደሉ፤ ጥንታዊው የአይሁድ ማኅበረሰብም ተበተነ። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1994 ደግሞ የቂርያት አርባው ባሩክ ጎልድስታይን የአብርሃም መቃብር ባለበት በኢብራሂሚ መስጊድ ለጸሎት የተደፉ 29 ሙስሊሞችን ገደለ። ከ1997 ጀምሮ ከተማዋ ለሁለት ተከፍላለች። በመሐሏ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች፣ በአሥር ሺሖች በሚቆጠሩ ፍልስጤማውያን መካከል በወታደር ተከበው ይኖራሉ። አንድ ጊዜ የገበያ ልብ የነበረው የሹሃዳ ጎዳና ጭር ብሏል፤ የሱቆቹ የብረት መዝጊያዎች ተበይደዋል። አባት አንድ፣ መቃብር አንድ፤ ልጆቹ ግን በተለያየ በር ገብተው ይጸልያሉ።

አጥር

ሁለተኛው ሙግት መጽሐፍ ቅዱስ አይጠቅስም፤ ካርታ ይዘረጋል። ናታንያ ላይ የአገሪቱ ወገብ 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከኮረብታው በላይ የቆመ ጦር ባሕሩን በዓይኑ ያየዋል። ይህን የሚለው እስራኤላዊ የግድ ቀኝ ክንፍ አይደለም። በጁላይ 1967 የሠራተኛው ወገን ሰው ይጋል አሎን ያቀረቡት ዕቅድ የዮርዳኖስን ሸለቆና የይሁዳን በረሃ ይዞ፣ ሕዝብ የበዛበትን ቀሪ ክፍል መልቀቅን ያሰበ ነበር። ካቢኔው በይፋ ሳያጸድቀው የመጀመሪያዎቹ ሰፈራዎች ካርታ ሆኖ አገለገለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ራሳቸው ኦክቶበር 5 ቀን 1995 ለእስራኤል ምክር ቤት ለክኔሴት ባደረጉት ንግግር፣ የፍልስጤም አካል ከመንግሥት ያነሰ እንደሚሆን፣ የደኅንነት ወሰኑም በዮርዳኖስ ሸለቆ እንደሚሆን ተናግረዋል። ለክኔሴቱ የቀረበው ሁለተኛው የኦስሎ ስምምነት 61 ለ59 አለፈ። ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 4 ቀን፣ ራቢን ርስት ተሰጠ ብሎ በተቆጣ ሃይማኖተኛ አይሁዳዊ ወጣት ጥይት ተገደሉ። አጥር ባዩን የገደለው ርስት ባዩ ነው። ሁለቱ ሙግቶች አንድ ቢሆኑ ኖሮ ያ ጥይት ባልተተኮሰ ነበር።

የአጥር ሙግት ክብደት አለው። ሁለተኛው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን አመፅ) ወደ 1,000 የሚጠጉ እስራኤላውያንን ገድሏል፤ ከፍልስጤማውያን የሞተው ከ3,000 ይበልጣል። በአውቶቡስ መሳፈር፣ ካፌ መቀመጥ፣ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ በፍርሃት የሆነበትን ዘመን ያሳለፈ ሰው ስለ ካርታ የሚያስበው እንደ እኔና እንደ አንተ አይደለም። ከናታንያው ፍንዳታ በኋላ በ2002 መገንባት የጀመረው የመለያ ግንብ ከሌሎች እርምጃዎች ጋር ተዳምሮ የአጥፍቶ ጠፊዎቹን ቁጥር እንደቀነሰ አይካድም። ነገር ግን የግንቡ መስመር አብዛኛው ያረፈው ዌስት ባንክ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ገበሬውን ከወይራ ዛፉ፣ ተማሪውን ከትምህርት ቤቱ ለየ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤትም በ2004 ሕገወጥ ነው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። አጥር ለመጠበቅ ይሠራል፤ ወደ ጎረቤት ማሳ ገብቶ ሲሠራ ግን መሬት መውሰድ ይሆናል።

መሬት በራሱ አጥር ይሆናል የሚለው እምነትም ተፈትኗል። ሞሼ ዳያን ሻርም አልሼክን ይዞ ያለ ሰላም መኖር፣ ሻርም አልሼክን ሰጥቶ ከሚገኝ ሰላም ይሻላል ይሉ ነበር። ኦክቶበር 6 ቀን 1973 ግብጽና ሶርያ ባንድ ጊዜ አጠቁ። የሲና ስፋት ጦርነቱን ከከተሞች እንዳራቀው እውነት ነው፤ ጦርነቱ እንዳይመጣ ግን አላደረገም። ጎላን ላይ የነበሩት ሰፈራዎችም የሶርያን ታንክ አላቆሙም፤ ጦሩ ሰፋሪዎቹን ማሸሽ ነበረበት። ባርሌቭ ከስድስት ዓመት በኋላ ችሎት ፊት የተናገሩት ነገር ጦር ሜዳ ላይ ቀድሞ ታይቶ ነበር።

ውል

አሁን ወደ ሦስተኛው ሆቴል እንሂድ። ከኤይላት በስተደቡብ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ታባ የምትባል አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት መሬት አለች። ቤጊን፣ ያ ከባሕር እስከ ወንዝ ባዩ ቤጊን፣ ማርች 26 ቀን 1979 ከአንዋር ሳዳት ጋር የሰላም ውል ፈረሙ። ለውሉ መንገድ ከጠረገው የካምፕ ዴቪድ ድርድር ዋና ሰዎች አንዱ ዳያን ነበሩ፤ የሻርም አልሼኩ ዳያን። ኤፕሪል 1982 እስራኤል ሲናን ለቃ ወጣች፤ ያሚት የተባለችውን ከተማ ያፈረሷት የመከላከያ ሚኒስትሩ አሪኤል ሻሮን ናቸው። ታባ ላይ ግን ጠብ ተነሳ። እስራኤል የድንበሩ ድንጋይ የቆመበት ቦታ የእኔ ነው አለች፤ እዚያም ትልቅ ሆቴል ተሠርቶ ነበር።

ውሉ ግን አለመግባባት ሲነሳ መጀመሪያ ድርድር፣ ካልሆነ እርቅ ወይም ግልግል ይላል። ሁለቱ አገሮች አምስት ገላጋይ ዳኞች ይዘው የቱርክና የእንግሊዝ ዘመን ካርታና ፎቶግራፍ እያገላበጡ ስለ ድንበር ድንጋዮች ተከራከሩ። በሴፕቴምበር 1988 አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለግብጽ ተፈረደ። ያን ጊዜ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ሻሚር ነበሩ፤ የካምፕ ዴቪዱ ስምምነት ለክኔሴት ሲቀርብ ድምፅ ያልሰጡት ሻሚር። በማርች 1989 ታባ ከነሆቴሏ ተመለሰች። ጥይት አልተተኮሰም። በኦክቶበር 2004 ያ ሆቴል በአሸባሪዎች ቦምብ ተመትቶ እስራኤላውያንን ጨምሮ ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ውሉ ግን አልፈረሰም። ሳዳት ተገደሉ፣ ሙባረክ ወረዱ፣ የሙስሊም ወንድማማቾቹ ሙርሲ ነገሡ፣ ወረዱ፣ ጋዛ ነደደች፤ የሲና ድንበር ግን ከ1979 ወዲህ የጦርነት ግንባር ሆኖ አያውቅም።

ዮርዳኖስም እንዲሁ ናት። በ1994ቱ ውል መሠረት እስራኤላውያን ገበሬዎች የሚያርሱት መሬት ለ25 ዓመት ተፈቀደ፤ በ2018 ዮርዳኖስ አላድስም አለች፤ በ2019 ጊዜው ሲያበቃ እስራኤል ለቀቀች። በኤፕሪል 2024 ኢራን ድሮንና ሚሳይል ስትለቅ፣ በአየር ክልሏ ያለፉትን መትታ ከጣሉት አንዷ ያቺው ዮርዳኖስ ነበረች። አሎን በወታደር ሊዘጉት ያሰቡትን ምሥራቃዊ በር ከሰፈራ በላይ የጠበቀው ፊርማ ነው።

ከዚህ ጋር ሌላውን መውጣት እናስተያይ። በ2005 ሻሮን 21 የጋዛ ሰፈራዎችን አፈረሱ፤ 8,000 ገደማ ሰፋሪዎችን አስወጡ። ብዙ እስራኤላውያን መሬት ሰጠን፣ ሮኬት ተቀበልን የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ቁጣቸውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሐማስ በጃንዋሪ 2006 ምርጫ አሸነፈ፤ በጁን 2007 ጋዛን በኃይል ጠቀለለ፤ ሮኬቱም ቀጠለ። ነገር ግን ጋዛ ውል አልነበረባትም። ሻሮን የወጡት ከፍልስጤም አስተዳደር ጋር ሳይፈራረሙ፣ በራሳቸው ቁርጥ ነው፤ ሰማዩ፣ ባሕሩና አብዛኛው መተላለፊያ በእስራኤል እጅ ቀረ። ድርድርን የመረጠው ወገን ምንም ሳያገኝ፣ በጠመንጃ አስወጣሁ የሚለው ባለ ድል መሰለ። የጋዛ ትምህርት መሬት መልቀቅ አያዋጣም የሚል ሳይሆን፣ ተቀባይ በሌለበት ማስረከብ እንደሌለ ነው።

በኦስሎስ ውል አልነበረም ወይ? ነበረ፤ ግን ድንበርን፣ ኢየሩሳሌምን፣ ስደተኞችንና ሰፈራን ለኋላ ያቆየ፣ ማለትም ይደርን በፊርማ ያጸና ውል ነበር። ዌስት ባንክን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ሲከፋፍል ለአምስት ዓመት ብቻ የታሰበ ነው፤ 60 በመቶ የሚሆነው ሦስተኛው ክፍል ዛሬም በእስራኤል ሙሉ ቁጥጥር ሥር ነው። በይደሩ ውስጥ ሰፋሪው በረከተ፤ ሐማስ አውቶቡስ አፈነዳ። በ2000 ኤሁድ ባራክና ያሲር አረፋት ካምፕ ዴቪድ ላይ ሲገናኙ መተማመኑ አልቆ ነበር። በጃንዋሪ 2001 እዚያችው ታባ ላይ የመጨረሻ ሙከራ አደረጉ፤ ጊዜውም ምርጫውም ቀደማቸው።

ከኦክቶበር 7 ወዲህ

በ2021 መጨረሻ እስራኤል በጋዛ ዙሪያ 65 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ከመሬት በታች ሳይቀር የሚዘልቅ፣ በመመርመሪያ መሣሪያ የተሞላ አጥር ጨርሳ መረቀች። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ማለዳ የሐማስ ታጣቂዎች በቡልዶዘርና በፈንጂ በጣጥሰውት ገቡ። 1,200 ገደማ ሰው ተገደለ፤ 251 ታጋቾች ተወሰዱ። ከሞቱት ውስጥ በድንበሩ ኪቡጾች የሚኖሩ፣ የታመሙ የጋዛ ልጆችን በመኪናቸው ወደ እስራኤል ሆስፒታል የሚያመላልሱ የሰላም ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በተከተለው ጦርነት፣ እስከ ኦክቶበር 2025ቱ ተኩስ አቁም ድረስ፣ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር እንዳስታወቀው ከ60 ሺሕ በላይ ፍልስጤማውያን ሞተዋል፤ ከተሞቹም ፍርስራሽ ሆነዋል።

ይህ መከራ የእስራኤልን ሐሳብ ወዴት ወሰደው? በጁላይ 2024 ክኔሴት ከዮርዳኖስ በስተምዕራብ የፍልስጤም መንግሥት መቋቋሙን የሚቃወም ውሳኔ 68 ለ9 አሳለፈ። ድምፅ ከሰጡት መካከል የመሐል ፖለቲከኛው የቤኒ ጋንትዝ ወገን ነበረበት። እዚህ ላይ ርስት ባይና አጥር ባይ እንደገና በአንድ ጋሪ ተሳፈሩ። ፋይናንስ ሚኒስትሩ ቤዛሌል ስሞትሪች በመከላከያ ሚኒስቴር ውስጥም ሥልጣን ይዘው ሰፈራን ያስፋፋሉ፤ የእሳቸው ሙግት ርስት ነው። ለውሳኔው እጁን ያወጣው የመሐል ፖለቲከኛ ደግሞ የፈራው ሌላ ኦክቶበር 7ን ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። መድኃኒት ብሎ የያዘው ግን የሌላውን ሰው አጀንዳ ነው።

በእስራኤል ውስጥ ያለ ውል ደኅንነት የለም የሚሉ ሰዎች የዋሆች አይደሉም። በ2012 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ስድስት የቀድሞ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ (ሺን ቤት) ኃላፊዎች፣ ዕድሜያቸውን ፍልስጤማውያንን በመሰለልና በማሰር ያሳለፉ ሰዎች፣ የፖለቲካ መፍትሔ የሌለው ወታደራዊ ጀብዱ የትም እንደማያደርስ ተናግረዋል። ሌላው ጥያቄ የቁጥር ነው። በባሕሩና በወንዙ መካከል ሰባት ሚሊዮን ገደማ አይሁድና ሰባት ሚሊዮን ገደማ ዐረብ ይኖራል። መሬቱን ሁሉ የሚጠቀልል መንግሥት ወይ ለሁሉም ድምፅ ይሰጣል፣ ወይ ለግማሹ ይነፍጋል። የመጀመሪያውን ርስት ባዩ አይፈልገውም፤ ሁለተኛውን ደግሞ ብዙው እስራኤላዊ በስሙ ሊጠራው አይደፍርም።

የእኛም ሰው እዚያ አለ

ናታንያ ብዙ ቤተ እስራኤል የሚኖሩባት ከተማ ናት። ልጆቻቸው 18 ዓመት ሲሞላቸው ጦር ይገባሉ፤ ኬላ ላይ ይቆማሉ፣ ጋዛ ይዘምታሉ፣ ይሞታሉም። ስለ ካርታው የሚነሳው ክርክር እናቶቻቸው ቤት የሚገባው በአማርኛ ነው። ከአሽቀሎን የተነሳው፣ የአእምሮ ሕመም የነበረበት አበራ መንግሥቱ በሴፕቴምበር 2014 በእግሩ ወደ ጋዛ ተሻግሮ ከአሥር ዓመት በላይ በሐማስ እጅ ቆየ፤ የተመለሰው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ነው። የቤተሰቡን የአሥር ዓመት ለቅሶ የሰማ ሰው ታጋች የሚለውን ቃል እንደ ዜና አይሰማውም።

አበራ ወደ ቤቱ በተመለሰበት በዚያው ሰሞን፣ ከናታንያ 15 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የእስራኤል ጦር የቱልካርምን የስደተኞች መጠለያ እያስለቀቀ ነበር። ከጄኒን ጀምሮ በሰሜን ዌስት ባንክ ከቤቱ የተፈናቀለው ሰው 40 ሺሕ ይደርሳል። ዘመቻው 'የብረት ግንብ' የሚል ስም ተሰጥቶታል። ስሙ የዜቭ ጃቦቲንስኪ የ1923 ጽሑፍ ርዕስ ነው። የቀኝ ክንፉ አባት ጃቦቲንስኪ በዚያ ጽሑፋቸው፣ ዐረቦች አይሁድን ማስወጣት እንደማይችሉ የሚያረጋግጥላቸው የማይገፋ ኃይል ያስፈልጋል ብለው ነበር። ዛሬ ስሙን የሚያነሱት ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ክፍል አለ፦ ግንቡ የሚያስፈልገው በመጨረሻ ለመስማማት ነው ብለዋል። መቶ ዓመት አለፈ። ግንቡ ተሠርቷል፤ እስራኤል በአካባቢው የሚገዳደራት ጦር የለም። ለመስማማት የተባለው ግን አሁንም በይደር ነው።

በገጠራችን የማሳ ወሰን ሲተከል ሁለቱም ባለ መሬቶች ቆመው፣ ሽማግሌ እያየ ነው። ድንጋዩ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በሬ ሊገለብጠው ይችላል፤ ግን ሁለቱም ስለሚያውቁት መልሰው ያቆሙታል። አንዱ ብቻውን የተከለው ድንጋይ ግን ምንም ቢተልቅ ሌሊት ሌሊት ሲነቀል፣ ቀን ቀን ሲተከል ዘበኛ እንዳቆመ ይኖራል። ታባ ላይ ሁለቱ አገሮች በካርታና በዳኛ ፈልገው ያገኙት የወሰን ድንጋይ አለ፤ ማንም ወታደር ሊሞትለት አልተገደደም። በናታንያና በቱልካርም መካከል ግንብ አለ፣ ኬላ አለ፣ በሁለቱም በኩል የምትጠብቅ እናት አለች። የወሰን ድንጋይ ግን የለም።